ለብዕሬ የሰፋሁት የቆዳ ሰገባ ብዕሬን አጠቆረብኝ፤ የት ጋ ነው የሳትኩት?

ቀለም_በጣቴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መድረክ ለሁለት ዓመት ያህል ዝም ብዬ ሳነብ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን አንጀቴ አርሮ ጻፍኩ።

ሁለት ፋውንቴን ፔን አለኝ። አንዱ ላሚ ሳፋሪ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲንገላታ ይውላል፤ አያማርርም። ሁለተኛው ጥቁር የኢቦናይት (የጠንካራ ጎማ) ብዕር ነው። ክሊፑና የክዳኑ ቀለበት ብር ናቸው። እሱን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው። ስለዚህ የቆዳ ሰገባ በገዛ እጄ ልስፋለት ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያውን ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት እጅጌ ቆረጥኩ። የብዕሩ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ነው። ዙሪያው 44 ይመጣል፣ ግማሹ 22። ለስፌት በግራና በቀኝ 4፣ 4 ጨምሬ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች አዘጋጀሁ። ሒሳቡ ልክ ነው አይደል? ሰፍቼ ስጨርስ ግን ብዕሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ስገፋው ቆዳው ተሸበሸበ። ተውኩት።

ሁለተኛውን በእፅዋት ከለፋ 2 ሚሊሜትር ቆዳ ሠራሁ። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ብዕሩን በፌስታል ጠቅልዬ ውስጡ ከተትኩና ዙሪያውን በብረት መቆንጠጫ አስያዝኩት። ቅርጹ ሲያምር! ደርቆ ስፈታው መቆንጠጫው የነካው ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚሄድ ነጥብ ነጥብ ሆኗል። መልክ ነው፣ ይሁን ብዬ አለፍኩ። ጠርዙን በማስቲሽ አጣብቄ ሰፋሁት። በሦስተኛው ሳምንት የብሩ ቀለበት መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ አሁን ደግሞ ጥቁር ሆነ። ብዕሩ ላይም ድሮ ያልነበሩ ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ። ልጠብቀው ብዬ ያቆሰልኩት እኔው ነኝ።

ቆዳው ነው? ማስቲሹ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

ገበር_አልባ፦

ሦስታችሁም ናችሁ።

(ቀልዴን ነው ወንድሜ። ጋሽ ወስፌ እስኪመጡ ጠብቅ፤ ይህን ርዕስ አይተው አያልፉም።)

ጋሽ_ወስፌ፦

መጣሁ።

ልጄ፣ አይዞህ። የእኔ የመጀመሪያዋ ሰገባ ብዕር ቀርቶ የክብሪት እንጨት የማታስገባ ነበረች።

ከሒሳቡ እንጀምር። ማባዛትህ ልክ ነው። የረሳኸው ቆዳም ውፍረት እንዳለው ነው። ቆዳ ሲጠቀለል ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፣ ርዝመቱ የማይለወጠው መሐሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትለካው በቆዳው መሐል የሚያልፈውን ዙሪያ ነው። ብዕሩ 14፣ ቆዳው 1.5 ቢሆን 15.5ን በ3.14 ታባዛለህ፤ 48.7 ይሆናል። ግማሹ 24 ከምናምን ነው። 1 ወይም 2 ሚሊሜትር መተንፈሻ ጨምርለት፤ 26 በለው። የስፌቱን 8 ስትደምር 34 ሚሊሜትር ይመጣል። አንተ 30 ቆርጠሃል። 4 ሚሊሜትር ለጫማ ምንም አይደለም፤ ለብዕር ግን የሚገባና የማይገባ ልዩነት ነው።

ሌላም አለ። 14 ያልከው የቱ ጋ ነው? ገላው ከሆነ ተሳስተሃል። የሚለካው ክዳኑ ነው፣ ያውም ከነክሊፑ። ክሊፕ ብቻውን 3፣ 4 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። እኔ ካሊፐር የሚባለውን መለኪያም አልጠቀም። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በክዳኑና በክሊፑ ላይ ጠምጥሜ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጌ ዘርግቼ እለካለሁ። ዙሪያው እሱ ነው። ከዚያ ቆዳ ከመንካቴ በፊት በጠንካራ ወረቀት ሞዴል ሠርቼ በስቴፕለር እሰፋዋለሁ። ወረቀት ውስጥ በቀላሉ የማይገባ ብዕር ቆዳ ውስጥ ጭራሽ አይገባም።

አሁን ወደ ጥቁሮቹ ነጥቦች። እዚህ ጋ ብዕር ወዳጅ መሆንህ ይጠቅምሃል። በእፅዋት የለፋ ቆዳ የሚባለው በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው ጭማቂ የለፋው ነው። ኦክ፣ ቼስትነት፣ ሚሞሳ፣ ኬብራቾ፤ ሁሉም የሚሰጡት ታኒን ነው። ታኒን እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካው ይጠቁራል። የድሮው ጥቁር የብረት ቀለም የሚሠራው እንዴት ይመስልሃል? ከኦክ ዛፍ እባጭ የወጣ ታኒን ከብረት ሰልፌት ጋር ተደባልቆ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ስንት ውልና ስንት መጽሐፍ በእሱ ተጽፏል። አንተም ሳታውቀው ቆዳህ ላይ ቀለም በጠበጥክ።

ነጥቡ አዲስ ከሆነ የሎሚ ጭማቂ ቀባውና ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ በንጹህ ውኃ እጠበው። ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ግን በመቆንጠጫውና በቆዳው መሐል ቁራጭ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ አግባ። ወይም በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ያዘው።

እና እባክህ፣ እባክህ፣ ብዕሩን እርጥብ ቆዳ ውስጥ አትክተት። ፌስታሉ አንድ ቀዳዳ ቢኖረው በቃ ነው።

ሰማያዊ_ጠብታ፦

ጋሼ ቆዳውን ጨርሰውታል። እኔ ስለ ብሩ ልናገር።

ብር የሚጠቁረው በድኝ ነው። አየር ውስጥ ያለች ጥቂት የድኝ ጋዝ እንኳ ቀስ በቀስ ታጠቁረዋለች። ቆዳ ሲለፋ ደግሞ ፀጉሩን ለማንሳት ሶዲየም ሰልፋይድ የሚባል የድኝ ውህድ ይገባበታል። በኋላም በሰልፌት የተሠሩ ዘይቶች ሊገቡበት ይችላሉ። በደንብ ያልታጠበ ቆዳ ከሆነ የተረፈው ለብዕርህ ይደርሰዋል። በጠባብ ሰገባ ውስጥ ደግሞ ጋዙ መሄጃ የለውም። ብሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

ግን ሁሉንም በቆዳው ላይ አትለጥፍ። ኢቦናይት ራሱ ምንድን ነው? ጎማና ድኝ አብረው ተጋግረው ነው። የጎማው ድኝ ቀለበቱን ከቅርብ ሲያየው ኖሯል። በአየር ላይ ሆኖ ዓመት የሚፈጅበትን ሥራ አንተ ሦስት ሳምንት ዘግተህ አስጨረስከው።

በነገራችን ላይ ኢቦናይት እርጥበትና ብርሃን አይወድም። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ከዚያ አይመለስም። ከብርሃን በኩል ሲታይ ሰገባ ለእሱ ጥሩ ቤት ነው። እርጥብ ሰገባ ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ጋሼ «እባክህ» ሁለቴ ያሉት ይገባቸዋል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ገበሩ ምን ነበር? ማስቲሹን ከቀባህ ስንት ቀን ቆይተህ ነው ብዕሩን ያስገባኸው?

ቀለም_በጣቴ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። 14 ያልኩት ገላው ነው። አሁን ክዳኑን ከነክሊፑ በወረቀት ስለካው ዙሪያው 53 መጣ። አፈርኩ።

እህቴ፣ ገበር የለውም። ሻካራው የቆዳው ጀርባ ነው ብዕሩን የሚነካው። ማስቲሹን ደግሞ... የዚያኑ ቀን ማታ ነው ያስገባሁት። ሽታው ነበረው። «የአዲስ ዕቃ ሽታ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰማያዊ_ጠብታ፦

ያ ሽታ የማስቲሹ ማሟሟያ ነው። ማሟሟያ ፕላስቲክ ይወዳል። ኢቦናይትህ ተቋቁሞት ይሆናል። አክሪሊክ ወይም ሴሉሎይድ ቢሆን ግን ገጹ ደብዝዞ ወይም ለስልሶ ታገኘው ነበር። ሴሉሎይድ በተለይ ዝግ ቦታ አይስማማውም። ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር የተሠራ ነው። ሲያረጅ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ መውጫ ካጣ ራሱን መልሶ ይበላዋል። የድሮ ሴሉሎይድ ብዕር ያላችሁ፣ ሰገባ ለመንገድ ይሁን እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አታድርጉት።

እኔ አዲስ ሰገባ ስሠራ አፉን ከፍቼ ቢያንስ አንድ ሳምንት ነፋስ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አፍንጫዬን ከትቼ ምንም ካልሸተተኝ ያኔ ብዕር ይገባል።

ገበር_አልባ፦

እዚህ ላይ ልግባ፣ ስሜም ይጠራኛል። ወገኖቼ፣ ገበር ለምን ያስፈልጋል? ማስቲሽ የሚበዛው ገበር ለመለጠፍ ነው። ስፌት የሚወፍረው በገበር ነው። ለብዕር የሚሆን ገበር ብለው የሚሸጡት ደግሞ አብዛኛው ያ ፀጉራም ለስላሳ ቆዳ ነው። ሲዳስሱት ደስ ይላል። ውስጡ ግን የአቧራ ጎተራ ነው። አንድ ደቃቅ አሸዋ እዚያ ፀጉር ውስጥ ከተቀበረ ብዕሩ በገባ በወጣ ቁጥር ይፍቀዋል። የቀለም_በጣቴ ጭረቶች ከዚህ አይመስሏችሁም?

ጋሽ_ወስፌ፦

ጭረቶቹ ከአቧራ ናቸው፣ እስማማለሁ። የመጡት ግን ገበር ስለሌለው ነው! የቆዳ ጀርባ ራሱ ፀጉራም ነው እኮ። ያውም ያልተስተካከለ።

ገበር_አልባ፦

ጋሼ፣ ማን በጀርባው አለ? ቆዳውን ገልብጦ ነው። ለስላሳው ፊት ወደ ብዕሩ፣ ሻካራው ወደ ውጪ። አንድ ንብርብር ቆዳ፣ ማስቲሽ ጠርዝ ላይ ብቻ፣ በቃ። አምስት ዓመት የያዝኩት እንዲህ ያለ ሰገባ አለኝ።

ጋሽ_ወስፌ፦

አየሁት እኮ ፎቶውን ያኔ። የመኪና ጨርቅ ይመስላል።

ገበር_አልባ፦

ብዕሩ ግን መስታወት ይመስላል!

ሰማያዊ_ጠብታ፦

ሁለታችሁም ለካ አንድ ነገር ነው የምትሉት። ብዕሩን የሚነካው ለስላሳ ገጽ ይሁን፣ ፀጉር አይኑረው። ገበር_አልባ ቆዳውን ገልብጦ ያገኘዋል። ጋሼ ቀጭን የፍየል ቆዳ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው ያገኙታል። የፍየል ቆዳ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ሆኖም ጠንካራ ነው። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ የውጪውም መልክ ደስ ሲል ደስ ይለኛል።

ግን ቀለም የተነከረ ቆዳ ለገበር አታድርጉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ትንሽ አርጥባችሁ አሥር ጊዜ እሹት። ጨርቁ ላይ ቀለም ካያችሁ ነገ ብዕራችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ነጭና ክሬም ብዕር ያላችሁ በተለይ። ገበር ያልተነከረ፣ ሰምም ዘይትም ያልተቀባ ይሁን። ሰም ለጠርዝ ነው፣ ለውስጥ አይደለም፤ ብዕሩ ላይ ተለጥፎ ጣት የሚይዝ ነገር ይሆናል።

ለብር ደግሞ አንድ ፈተና አለ። ሙዚየሞች ዕቃ የሚያሳዩበትን ሳጥን ጨርቅና ሙጫ የሚፈትኑበት መንገድ ነው። የኦዲ ፈተና ይባላል፤ በ1973 በብሪቲሽ ሙዚየም የተጀመረ ነው። የሚፈተነውን ነገር ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር በትንሽ እርጥበት ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ28 ቀን ያቆዩታል። ከቁራጮቹ አንዱ ከተበላሸ ያ ጨርቅ ተባረረ። እኛ ቤት ውስጥ 60 ዲግሪ አንጠብቅም። የቆዳውን ቁራጭ ከተወለወለ የብር ቁራጭ ጋር ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ወር መጠበቅ ግን ማንም ይችላል። ጓደኛው የጠፋበት የብር ጉትቻ እዚህ ጋ ሥራ ያገኛል።

ቀለም_በጣቴ፦

ወር! ትዕግሥት ስጠኝ።

እሺ፣ ቆዳውን ዛሬ ጠርሙስ ውስጥ ዘጋሁት። እስከዚያ ቀለበቱን በብር መወልወያ ጨርቅ አጸዳሁት፤ ተመለሰልኝ። ጭረቶቹ ግን እዚያው ናቸው።

ዛሬ_ጀማሪ፦

ይቅርታ፣ ውይይቱን ልጠልፈው ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ እኔም ልሞክር አሰብኩ። ግን ምንም መሣሪያ የለኝም። ቪዲዮ ላይ የማያቸው ሰዎች ጠረጴዛቸው የቀዶ ጥገና ክፍል ይመስላል። በትንሹ ምን ይበቃኛል?

ጋሽ_ወስፌ፦

ልጄ፣ በትንሹ ይህን ያዢ። አንድ ወስፌ። ሁለት ጫፋቸው የደነዘዘ መርፌ። በሰም የታሸ ክር፣ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ፤ የተልባ እግር ክር ወይም ፖሊስተር። የብረት ማስመሪያ፣ አዲስ ምላጭ ያለው ከተር፣ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ቁራጭ የንብ ሰም። እና ሹካ።

ሹካ ያልኩት አውቄ ነው። የስፌቱ ቀዳዳ እኩል እንዲራራቅ ቆዳው ላይ ምልክት ያስፈልጋል። ባለሙያው ጥርስ ያለው መብሻ ብረት አለው፤ ርቀቱ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ነው። አንቺ ጥርሱ ጠባብ የሆነ ሹካ ከማስመሪያ ጋር አስጠግተሽ ጫን ትያለሽ። የመጨረሻውን ጥርስ የቀድሞው የመጨረሻ ምልክት ላይ እያስገባሽ ትቀጥያለሽ። ከዚያ በወስፌ ትበሺዋለሽ። ቀጥ አድርገሽ ብሺ፤ ከፊት ልክ ሆኖ ከኋላ የሚንጋደድ ስፌት የሚመጣው ወስፌው ሲያዘም ነው።

የምትሰፊው በሁለት መርፌ ነው፤ የኮርቻ ስፌት ይሉታል። አንድ ክር፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። ክሩን በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፈሽ ሁለቱን ጫፍ እኩል ታደርጊያለሽ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ያልፋል። ሁልጊዜ አንዱን አስቀድሚ፣ ቅደም ተከተሉን አትቀያይሪ፤ የስፌቱ መልክ የሚያምረው በዚያ ነው። ሁለተኛው መርፌ ሲገባ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋ ክሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊው። የስፌት መኪና የሰፋው አንድ ቦታ ሲበጠስ ይተረተራል። የኮርቻ ስፌት አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው በዚያው ቀዳዳ ውስጥ ስላለ ይይዛል። ለዚህ ነው በእጅ የምንደክመው፣ ለጉራ አይደለም። (ትንሽ ለጉራም ነው።)

ክሩ ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ይሁን። 15 ሴንቲሜትር ሰገባ ሁለቱ ጎንና ታቹ ተደምሮ 33 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 1 ሜትር ከ40 ቁረጪ። ሲያልቅብሽ ከማልቀስ ቢተርፍ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሰፍተሽ ክሩን ቁረጪው። ፖሊስተር ከሆነ ጫፉን በላይተር ነካ አድርጊው፤ የተልባ እግር ከሆነ ግን ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም።

ዛሬ_ጀማሪ፦

ሹካ! ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ቆዳውስ? የሞተ ቦርሳ አለኝ።

ገበር_አልባ፦

የቦርሳና የጃኬት ቆዳ አብዛኛው በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይችላል፣ ግን ቅርጽ አይዝም። ብትነክሪው ደርቆ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጠርዙም ቢታሽ አያብለጨልጭም። ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ ሰፍተሽ ለምትሠሪው ሰገባ ግን ይበቃል። ለይቶ ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ እዪው። በክሮም የለፋው መሐሉ ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቢጤ ነው። በእፅዋት የለፋው ቢጫማ ወይም ቡናማ ነው። ቀለም እስከ መሐል የተነከረ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ያኔ አንድ ጠብታ ውኃ ጣይበት። በእፅዋት የለፋ፣ ገጹ ያልተሸፈነ ቆዳ ይጠጣዋል፣ ይጠቁራልም።

ከአዲስ ቆዳ ከሆነ ከሆዱ አካባቢ አትቁረጪ። ይለጠጣል። ዛሬ ልክ የሆነው ሰገባ ከወራት በኋላ ብዕሩን ይተፋዋል። ከጀርባው ቁረጪ።

ባለ_ሦስት፦

ሰላም። እኔ ሦስት ብዕር የሚይዝ ነው የምፈልገው። አንድ ካዌኮ ስፖርት፣ አንድ ሞንብላን 149፣ አንድ ፓይለት ካፕለስ። ሦስቱንም በአንድ ልክ ብሠራ?

ሰማያዊ_ጠብታ፦

ምርጫህ ሆን ተብሎ ነው እንዴ? ካዌኮው ሲዘጋ 10 ሴንቲሜትር ተኩል ነው፣ ሞንብላኑ 15 ይጠጋል። በአንድ ልክ ከሠራህ ትንሹ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ አንገቱን ያወጣል። ለእያንዳንዱ የየራሱ ኪስ ስጠው። ለካዌኮው ታቹን ከፍ አድርገህ ስፋው፣ አፋቸው እኩል ይሆናል። በብዕሮቹ መሐል ደግሞ የስፌት መስመር ወይም የቆዳ ግድግዳ ይኑር። ሁለት ብዕር አንድ ኪስ ውስጥ ከተኛ ክሊፑ ጎረቤቱን ይፍቃል፤ ያኔ ሰገባው ራሱ የጭረት ፋብሪካ ነው።

ካፕለሱን አስብበት፤ ክዳን የለሽ ነው። ክሊፑ ያለው በሚጽፈው ጫፍ በኩል ነው፤ በክሊፑ ሲሰካ ጫፉ ወደ ላይ እንዲሆን ተብሎ ነው። ሰገባ ውስጥም እንደዚያው ይሁን፣ ክሊፑ ወደ አፉ። ሌሎቹም ክዳናቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቁሙ። ቀለም ያለበት ብዕር ተገልብጦ ሲንቀጠቀጥ ወይም በሰውነት ሙቀት ውስጡ ያለው አየር ሲያብጥ ቀለሙን ወደ ክዳኑ ይገፋዋል። በእፅዋት የለፋ ቆዳ ቀለም ከጠጣ ደግሞ አይተፋም።

ባለ_ሦስት፦

የጭረት ፋብሪካ። እሺ፣ ሦስት ኪስ ይሁን።

ቀለም_በጣቴ፦

ተመለስኩ። አምስት ሳምንት ሆኖኛል።

የጠርሙሱ ውጤት፦ ያ የድሮው 2 ሚሊሜትር ቆዳ ብሩን ቢጫ አደረገው። ከሌላ ቦታ ያገኘሁት 1.3 ሚሊሜትር ቆዳና ያልተነከረ የፍየል ገበር ጎን ለጎን በሌላ ጠርሙስ ነበሩ። ያኛው ብር እንደነበረ ነው። ለብቻው የተዘጋው ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ቆዳዬ ጥፋተኛ ነው። ኢቦናይቱም ግብረ አበር መሆኑን አልክድም።

ሦስተኛውን እንዲህ ሠራሁ። ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ተውኩትና በክብ እንጨት ተካሁት። እንጨቱ 16 ሚሊሜትር ነበር። ለክሊፑ የሚሆን ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ በአንድ ጎኑ ለጠፍኩበት፣ ከላይ በማጣበቂያ ቴፕ ዞርኩት። በወረቀት ጥብጣቡ ስለካው 57 ሆነ፤ ከብዕሩ 4 ሚሊሜትር ይበልጣል። ቆዳ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ አውቄ ነው።

ቆዳውን የነከርኩት አረፋው እስኪያቆም ብቻ ነው። ከዚያ አውጥቼ ተውኩት። ቀለሙ ወደ ቀድሞው መመለስ ሲጀምር እንጨቱ ላይ አልብሼ በጣቴና በአጥንት መታጠፊያ (ቆዳ መጫኛ ለስላሳ አጥንት) ዙሪያውን ተጫንኩት። በእንጨት መቆንጠጫ ያዝኩት። ለማድረቅ ፀጉር ማድረቂያ ላወጣ ነበር...

ጋሽ_ወስፌ፦

አላወጣህም በለኝ።

ቀለም_በጣቴ፦

አላወጣሁም ጋሼ! የድሮ ውይይት ላይ የጻፉትን አንብቤ ነበር። ቆዳ እርጥብ ሆኖ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያም አይመለስም ብለው። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ተውኩት። መድረቁን ጉንጬ ላይ አድርጌ አየሁ፤ እርጥበት ካለው ይቀዘቅዛል።

ገበሩን በውኃ የሚሟሟ ማጣበቂያ ለጠፍኩት። ማስቲሽ አልነካሁም። ስፌቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙን በ400 ከዚያ በ800 ብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ፣ በውኃ ነካ ነካ አድርጌ በእንጨት እያሸሁ አብለጨለጭኩት፣ መጨረሻ ላይ ሰም። አፉ ላይ ለጣት የሚሆን ግማሽ ጨረቃ ቆረጥኩ። አንድ ሳምንት አፉን ከፍቼ ነፋስ ላይ ከረመ። አፍንጫዬን ከተትኩ፤ ቆዳ ቆዳ ብቻ ይሸታል።

ትናንት ብዕሩ ገባ። ገልብጬ ስይዘው አይወድቅም። ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው እያቅማማ ይወርዳል።

ጉድለቱን ልናገር፦ ከኋላ በኩል ስድስት ስፌት ተንጋዷል፣ ወስፌዬ አዘምሟል። አንዱ ቀዳዳ ላይም ክሩን ወግቼዋለሁ። እናንተ ፎቶው ላይ ሳታዩት በፊት ብዬ ነው።

ሰማያዊ_ጠብታ፦

ጎበዝ! ሲወርድ ማቅማማቱን ወደድኩት። ልኩ እሱ ነው። መጀመሪያ ጠበቅ ቢል አትስጋ፤ ቆዳው ሥራ ሲጀምር ትንሽ ይለቅለታል።

ብሩን ግን አሁንም በወር አንዴ እየው። ኢቦናይቱ እዚያው ነው ያለው።

ገበር_አልባ፦

ያለ ገበር ብትሠራው ኖሮ ስፌትህ ቀጭን ሆኖ አይንጋደድም ነበር። አልኩ እንጂ።

ጋሽ_ወስፌ፦

ስድስት ብቻ? እኔ ፎቶው ላይ ስምንት ቆጠርኩ።

ጥሩ ነው ልጄ። አፉን ግን አጠናክረው። ሰገባ መጀመሪያ የሚላላው አፉ ጋ ነው፤ በገባ በወጣ ቁጥር የሚለጠጠው እሱ ነው። በሁለቱም ጎን የመጨረሻውን ቀዳዳ ክሩን በጠርዙ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረህ እሰረው።

ዛሬ_ጀማሪ፦

የእኔም አለቀ! ከሞተው ቦርሳ። በሹካ። ስፌቱን አትጠይቁኝ።

ችግር አለ። ብዕሬ ገባ። አይወጣም።

ጋሽ_ወስፌ፦

የጣት ቦታ ቆርጠሻል?

ዛሬ_ጀማሪ፦

አልቆረጥኩም። ብዕሩ ደግሞ እስከ ታች ገብቷል። አፉ ጋ ክዳኑ አይታይም።

ጋሽ_ወስፌ፦

አትሳቢው፣ ክዳኑ ብቻ ተፈትቶ ቢወጣ ገላው ከነቀለሙ ውስጥ ይቀራል። ታቹን እዪ። መሐል ላይ ሁለት ስፌት ፍቺ። በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብለሽ ከታች ግፊው። ቀዳዳዋን መልሰሽ አትስፊያት፤ አቧራም በእሷ ይወጣል። ከዚያ አፉ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቁረጪ። በትልቅ ሳንቲም ልክ አድርጊው።

ቀለም_በጣቴ፦

ብዕሩ ምንድን ነው? ደህና ነው?

ዛሬ_ጀማሪ፦

ወጣ!! ላሚ ሳፋሪ ነው። አላማረረም።